የድምቡሼ ሚዛን

«ሲባጎ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣንላት እኛ የስፌት ቤቱ ሰዎች ነን። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው የሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቁመቷ መለሎ ነው፤ ወርድ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። በር ላይ በጎን ስትቆም «ገባች፣ አልገባችም» ብለን እንጨቃጨቃለን። ስሙን ስናወጣላት ከት ብላ ስቃ ነው የተቀበለችው። በራሷ ቅጥነት ሲቀለድ ግድ የላትም። ልጇን ቀጭን ያለ ሰው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደመኛዋ ነው።

የምንሰፋው መጋረጃና የሶፋ ልብስ ነው። የሷ የስፌት መኪና በመስኮቱ በኩል ነው፤ እኔ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀለበትና መንጠቆ እተክላለሁ። እጇ የተባረከ ነው። ጨርቅ በመዳፏ ብድግ አድርጋ «ይሄ ለሁለት መስኮት አይበቃም» ካለች አይበቃም። ክፉ አመሏ አንድ ነው፤ የተበላሸ ነገር አታሳይም። ስፌት ከጠመመባት ፈትታ እስክታስተካክለው ድረስ ጭኗ ላይ ሸፍና ትይዘዋለች፣ ከእኔ ከጎረቤቷ እንኳ። አለቃችን በዚያ በኩል ሲያልፍ ምሳዋን እየበላች ታስመስላለች። አንዳንዴ በዚህ አመሏ እበሳጫለሁ፤ ሁላችንም የሚጠምብን ስፌት አለን እኮ!

የምነግራችሁን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ኋላም አማቷ ሲያወሩት ሰምቻለሁ። የሁለቱ ወሬ በጥቃቅን ነገር ካልሆነ አይለያይም።

ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ጉንጯ የተነፋ፣ ክንዷ እጥፋት በእጥፋት የሆነ ጉድ ነበረችና አያቷ፣ የአባቷ እናት፣ «ድምቡሼ» አሏት። ስሙ በዚያው ጸና፤ ሰውነቷ ግን አልጸናም። ሁለት ዓመት ሲሞላት ትኩሳት ይዟት ሰነበተ፣ ከአልጋ ስትነሣ ያ ሁሉ እጥፋት የለም። የእናቷን አጥንት ይዛ ተነሣች። ደህና ናት፣ ትሮጣለች፣ ስትለፈልፍ አፍ አታስከፍትም፤ ግን ቀጭን ናት። ስሟ ሲጠራ የማያውቃት ሰው ዞር ዞር ብሎ ሌላ ልጅ ይፈልጋል።

አያትየዋ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ድምፃቸው ግን ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል፣ ያሰቡት ሁሉ ደግሞ በዚያው ድምፅ ይወጣል፤ ውስጥ የሚቀር የለም። ሲመጡ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ልጅቷን ብድግ ያደርጓታል። «ምነው ይቺ ልጅ ቀለለችኝ? ምንድን ነው የምታበያት?» ይላሉ። ከዚያ ረስተውት ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ። ሲባጎ አትረሳውም። በማግሥቱ ስፌት ቤት መጥታ ትደግመዋለች፤ በሦስተኛው ቀንም፣ በሳምንቱም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ውሎ አዳሩ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የልጅቷ መክሳት የሷ የብቻዋ ጥፋት ተደርጎ የተጻፈ ይመስላታል።

እናም ልጇን ለማወፈር ቆርጣ ተነሣች። ስኳር ያወፍራል ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ አታስታውስም፤ ብታስታውስ ጉዱ ይፈላ ነበር። ማታ ማታ ጡጦ ሙሉ ወተት፣ ታቹ ላይ ስኳሩ እስኪዘቅጥ ድረስ፣ ብስኩት ተፈርፍሮበት ይሰጣታል። ልጅቷ ጡጦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳታል። ሥጋው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። መጀመሪያ የፊት ጥርሶቿ ጫፍ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ መሰለ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ከዚያ መንጋጋዎቿ ተቦረቦሩ። ልጅቷ በአንድ ወገን ማኘክ ጀመረች፣ ቆይታ በሁለቱም ተወችው። የሚታኘክ ነገር ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች። ባለመብላቷ የባሰ ከሳች። ሲባጎ ምን አደረገች? ጡጦውን ጨመረች።

ጉንጯ አብጦ ስታለቅስ ባደረች ማግሥት ነው የልጆች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዛት የሄደችው። ዶክተሯ ገና ልጅ እግር ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። በዚያች ትንሽ መስታወት አየት አደረገችና መልሳ አስቀመጠቻት፤ ድምቡሼ ጣሪያ የሚነቀንቅ ጩኸት ለቃባት ነበር።

«ማታ ጡጦ ይዛ ነው የምትተኛው?» አለቻት ሲባጎን።

«ኧረ አይ።»

ዶክተሯ አላፋጠጠቻትም።

«አንዳንዴ» አለች ሲባጎ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሁልጊዜ» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያልኩት ያኔ ነው ትላለች። በገዛ እጇ፣ በየማታው፣ እየሳመች ነው የልጇን ጥርስ የጨረሰችው። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«የሚሠራው አራት ጥርስ ነው» አለቻት ዶክተሯ። «ሁለቱ ይነቀላሉ፣ ሁለቱ ይሞላሉ። ቦታውን በመርፌ ብቻ አደንዝዤ መሥራት እችላለሁ፣ ግን ይቺ ልጅ እንኳን መርፌ መስታወትም አልቻለች። እጅና እግሯን ይዘን ብንሠራት ሥራው ያልቃል፤ ፍርሃቱ ግን ስታድግም አይለቃትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ አለ። ያረጋጋታል፣ ጭምብሉ ሲነሣ ቶሎ ይለቃታል። ግን ጭምብሉ አፍንጫዋ ላይ እንዲቀመጥ እሷ መፍቀድ አለባት።»

ለሙከራ ጭምብሉን ሲያስጠጉላት ድምቡሼ ምን እንዳደረገች ዘርዝሬ አልነግራችሁም። እንደዚያ የተበሉ ጥርሶች መንከስ መቻላቸው የነርሷን ጣት ብቻ ሳይሆን ዶክተሯንም አስገርሟል።

«እሺ፣ ጋዙ ይቅር» አለች ዶክተሯ። «የሚጠጣ ሽሮፕ አለ። ጭልጥ አድርጎ አያስተኛትም። ታንቀላፋለች፣ ስንጠራት ትሰማለች፣ ግን አትፈራም። ከዚያ በላይ ያለው ሆስፒታል ገብቶ ሙሉ ማደንዘዣ መውሰድ ነው፤ ለዚህ እዚያ ድረስ መሄድ ያለብን አይመስለኝም።»

«ሽሮፑ ይሁን።»

«ሽሮፑ የሚለካው በኪሎዋ ነው። ካነሰ አይሠራም። ከበዛ ትንፋሿን ሊያደክመው ይችላል፤ ለዚህ ነው አጠገቧ ሆነን የምንከታተላት። የቀጠሮው ዕለት መዝነን እንሰጣታለን። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ አምጫት።»

ሲባጎ ራሷን ነቀነቀች። ሰምታለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አልሰማሁም ማለት አትችልም፣ እሷም ብላ አታውቅም።

ባሏ ወሬውን በስልክ ሲሰማ «እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ብቻሽን አይሆንም፣ እማዬ ትምጣልሽ» አላት። አይ፣ እችላለሁ ብላ ሳትጨርስ አያትየዋ ልብሳቸውን መሸከፍ ጀምረዋል።

በማግሥቱ ስፌት ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አማቴ ሊመጡ ነው።»

«ይምጡዋ! ያግዙሻል።»

«ልጅቷን ሊያነሷት ነው» አለችኝ፣ ፖሊስ ሊይዘው እንደሚመጣበት ሰው በሩን በሩን እያየች።

በምሳ ሰዓት ከቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል ወፍራም ሰማያዊ መርጣ ለልጅቷ ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ለሶፋ ትራስ የምንሞላውን ጥጥ በገበሩና በጨርቁ መካከል ጠቀጠቀችበት፤ ትከሻው ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ደረቱ ላይ። «ለልጅ ልታለብሺው ነው ወይስ ልትተኚበት?» አልኳት። «ብርድ ነው» አለችኝ። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ሁለታችንንም እያቃጠለን ነበር። ቀሚሱ ሲያልቅ ግን አልወርድ አለ፤ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ቆመ፣ የልጅቷን ቀጫጭን እግሮች የባሰ አጋልጦ የሚያሳይ። መቼም መጋረጃ ሰፊ ናት፤ መላው አልጠፋትም። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ቅምቅማቱ ውስጥ የምንሰፋቸው ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ። እነሱን እየደረደረች በቀሚሱ ቅምቅማት ዙሪያውን ሰፋቻቸው። አንድ ዙር አልበቃ ሲላት ደገመችው። ቀሚሱ ቀጥ አለ። ውስጡ ደግሞ ሁለት ሹራብና ወፍራም ሱሪ ይለበሳል።

አያትየዋ ደረሱ። እንደ ልማዳቸው ሻንጣውን በር ላይ ጥለው ልጅቷን ብድግ አደረጉ።

«እሰይ! እሰይ! ከበደችኝ እኮ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ሲባጎ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ስትሰማው ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ዓይኗ ግን ማረፊያ አጣ። ያን ቀን አያትየዋ ልጅቷን ልጠባት ሲሉ «ታጥባለች»፣ ልብሷን ልቀይርላት ሲሉ «አሁን ቀየርኩላት» እያለች ዋለች። ስትዋሽ ፊታቸውን ማየት ስለማትችል ዕቃ እያነሣች ታስቀምጣለች። «ምራቴ እንዲህ ባለሙያ መሆንሽን አላውቅም ነበር፣ እጅሽ አያርፍም» አሏት። ይኸም ሌላ ምስጋና ሆኖ ተቆለለባት።

የቀጠሮው ጠዋት ሦስቱ ሆነው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አያትየዋ «ይቺን ጨቅላ በባዶ ሆዷ!» እያሉ ከማያውቁት መንገደኛ ጋር ሳይቀር ሲማከሩ ነበር። ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳው ላይ ጥርሳቸውን የሚቦርሹ ዓሦች ተስለዋል። ድምቡሼ ዓሦቹን እያየች ጸጥ ብላለች። እዚያ ላብ ያጠመቀው ሰው ሲባጎ ብቻ ነው። ጥጥ የለበሰችው ልጅቷ፣ የሚያልባት እናትየዋ።

ነርሷ ጠራቻቸው። ጣቷ ላይ አሁንም ትንሽ ፕላስተር አለ።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ሚዛን ላይ እንውጣ። እናት፣ ልብሷን አውልቂላት፣ በውስጥ ልብስ ነው የምንመዝነው።»

ሲባጎ የልጇን ትከሻ ያዘች። አያትየዋ አጠገቧ ቆመው በኩራት ፈገግ ብለዋል።

«አሁን ገና ነው ጸጥ ያለችው» አለች ሲባጎ። «ልብሷን ከነካናት ቤቱን በጩኸት ታፈርሰዋለች። አሁን ስትለብስ እንኳ መከራችንን ነው ያየነው።»

ልጅቷ አፍ አውጥታ «አልጮኽም» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለችም። ነርሷ ፕላስተሯን አየችው፣ ከማዶ ክፍል የሌላ ልጅ ለቅሶ ይሰማል፣ ደጅ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

«እሺ፣ ጫማዋን ብቻ። ለልብሱ ግማሽ ኪሎ እቀንሳለሁ።» ሚዛኑን አየች። «አስራ አምስት ተኩል። አስራ አምስት እንበል።»

«አስራ አምስት!» አያትየዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ሰማሽ ነርስ? ከስታብኝ ነበር እኮ! ምራቴ ናት እንዲህ ያደረገቻት። እኔ ስናገራት ዝም ብላኝ፣ ለካ በሥራዋ ልታሳየኝ ነው!» የሲባጎን አንገት አቅፈው ጉንጯን ሳሟት።

ነርሷ ወጣች፣ መድኃኒቱን ልትቀዳ።

ሲባጎ የሆነውን ስትነግረኝ እዚህ ላይ መኪናዋን ታቆማለች። ጨርቅ በመዳፏ የምታውቅ ሰው ናት እኮ። ሳትወድ ትደምረው ጀመር። ብረቱ ብቻውን ኪሎ ያልፋል። ጥጡ፣ ወፍራሙ ጨርቅ፣ ሹራቦቹ፣ ሱሪው። ግማሽ ኪሎ የት ይደርሳል! ልጅቷ አስራ አምስት አይደለችም፤ አጠገቡም አትደርስ። ከበዛ ትንፋሿን ያደክመዋል ያለችው ዶክተር ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነው። መናገር ነው። አፏን ከፍታ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነው። ግን የአማቷ ክንድ ገና አንገቷ ላይ ነው፣ መሳሙ ገና ጉንጯ ላይ አልደረቀም።

«መጣሁ፣ ሽንት ቤት» ብላ ወጣች። ነርሷን ኮሪደሩ ላይ አግኝታ በጆሮዋ ልትነግራት ነው፤ አማቷ ሳይሰሙ፣ ሰው ሳያይ ይስተካከል። ነርሷ ግን ከአንድ አባት ጋር ቆማ ታወራለች፣ ሰውየው ስለ ልጁ ቀጠሮ ይጠይቃታል፣ አይለቃትም። ሲባጎ ከበስተኋላው ቆመች። ሌላ ሴት መጥታ ከሷም ቀድማ ጠየቀች። ነርሷ ሲባጎን አየቻትና «ሽንት ቤቱ በግራ ነው እናት» አለቻት። ሲባጎ «አመሰግናለሁ» አለችና በግራ ሄደች። ልብ በሉ፣ ሄደች! ሽንት ቤት ገብታ፣ እጇን ታጥባ ወጣች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። «ልጄን ሊያጠጡብኝ እንደሆነ እያወቅኩ ሳሙና ፈልጌ እጄን ታጠብኩ» ትላለች።

ስትመለስ ነርሷ ክፍሉ ውስጥ ናት። በእጇ ሐምራዊ ሽሮፕ ያለበት ትንሽዬ የፕላስቲክ ኩባያ ይዛለች። ድምቡሼ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ በጄ ብላ፣ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታለች። ለወትሮው ማንኪያ ሲያስጠጉላት አፏን የምትገጥመው ልጅ! ያን ቀን ምን እንደነካት እንጃ፣ ምንም አላስቸገረችም። ኩባያው ከንፈሯ ላይ ሊደርስ ሲል ሲባጎ እጇን ሰደደችና የነርሷን የእጅ አንጓ ለቀም አደረገች። ትንሽ ሽሮፕ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ምነው?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«ኪሎው የሷ አይደለም።»

«እንዴት? የማን ነው ታዲያ?»

«የቀሚሱ ነው።»

ነርሷ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ኩባያውን ወስዳ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና በሩን ከፍታ ዶክተሯን ጠራች። ዶክተሯ ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች።

«ጠጥታለች?»

«አልጠጣችም።»

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዚያ ሲባጎን አየቻትና፣ «ያን ዕለት ነግሬሻለሁ አይደል?» አለቻት።

«ነግረሽኛል።»

«እና?»

ሲባጎ አንገቷን ደፋች። አማቴን አፍሬ ብላ እንዴት ትናገር? ልጄን በማፈሬ ልገድላት ነበር ማለት ነው። ዶክተሯም መልስ አልጠበቀችም። «ልብሷን አውልቂና እንደገና ትመዘን» ብላ በሩ አጠገብ ቆመች።

ቀሚሱን አወለቀችላትና ወንበር ላይ ልታስቀምጠው ስትል ከእጇ አመለጣት። ሴራሚኩ ላይ ሲያርፍ ኳ! አለ፤ ልብስ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ አይደለም። አያትየዋ ጎንበስ ብለው አነሡት። በእጃቸው መዘኑት፣ ቅምቅማቱን ዳበሱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የመጋረጃ ብረት ነው እማማ።»

«መጋረጃ?» አሉ። ጥጡን ተጫኑት፤ እጃቸው ሰመጠ። ሲባጎ ሹራቦቹን እያወጣች ነበር፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አያትየዋ ቀሚሱን ታቅፈው የልጅ ልጃቸው እያነሰች፣ እያነሰች ስትሄድ አዩ። ያ ሦስት ቤት የሚያልፍ ድምፃቸው እዚያችው ክፍል ውስጥ እንኳ በደንብ አልተሰማም።

«እኔን ፈርተሽ ነው?»

«አዎ እማማ።»

አያትየዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነርሷ መስተካከል የማያስፈልገውን መደርደሪያ ታስተካክላለች። ሲባጎ ሐፍረቱ ሁሉ ያለቀላት፣ ከዚህ ወዲያ የሚመጣ የሌለ መስሏት ነበር። አማቷ አይተዋል፣ ሐኪሟ አይታለች፣ የሚደበቅ አልቀረም። ሱሪውን አወለቀችላትና «በይ እማ፣ ሚዛኑ ላይ ውጪ» አለቻት።

ድምቡሼ አልወጣችም። ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጎኗን በመዳፎቿ ሸፍና፣ ከእናቷ እግር ኋላ ገባች።

«ቶሎ አልብሽኝ» አለች በሹክሹክታ። «እያዩኝ ነው።»

«ማንም አይቆጣሽም የኔ እናት። ይዩሽ።»

«ቀጭን ናት ይላሉ።»

«ይበሉ። ምን ቸገረሽ አንቺ?»

«አንቺ ታለቅሻለሽ» አለች ልጅቷ።

ሲባጎ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ቆጥራው ኖሯል። በሩ ተንኳኩቶ ልብስ በላይ በላዩ ሲደረብባት፣ እንግዳ ወጥቶ እናትየዋ ማድቤት ገብታ ስታለቅስ፣ ሁሉን ስታይ ነበር። ጥጡን የለበሰችው ሳትጮኽ፣ በዚያ ሙቀት ሳትነጫነጭ፣ ነርሷ ፊት የተዋሸባትን ውሸት እንኳ ዝም ብላ ተሸክማ የዋለችው ለዚህ ነው። አራት ዓመቷ ነው። እናቷን ልትሰውር ነው ራሷን የምትሰውረው። እኔ ይህን ስሰማ መርፌው ከእጄ ወደቀ፤ እሷ ያን ዕለት ምን ሆና እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ሰው ፊት ማፈር ምንም አይደለም ትላለች፤ የገዛ ልጅሽን አፍረሽ ቀና ብለሽ ማየት ሲያቅትሽ ነው ሐፍረቱ።

«አላለቅስም» አለች ሲባጎ። «እጅሽን አውርጂ።»

ልጅቷ እጇን ሳታወርድ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አያትየዋ ከግድግዳው ዞረው መጡና ከሚዛኑ ፊት ለፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ለጉልበታቸው ቀላል አልነበረም። ቀሚሱን ከኋላቸው ወለሉ ላይ ተዉት። «አያትሽ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለሁም» አሏት። ድምቡሼ አያቷን አየች፣ እናቷን አየች።

ነርሷ ጎንበስ ብላ አነበበች። ዝቅ አድርጋ፣ ለዶክተሯ ብቻ ልትነግራት ፈልጋ ነበር።

«አስራ ሁለት ነው» አለች ሲባጎ ቁጥሩን አይታ፣ ቀድማት፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ዶክተሯ «እንደገና መዝኛት» አለች። ተመዘነች። አስራ ሁለት። ልጅቷ እንዲህ የከሳችው ጥርሱ እያመማት መብላት ስላቃታት እንደሆነ፣ ጥርሱ ሲድንና ጡጦው ሲቀር ምግቧ እንደሚመለስ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ አመጋገቧም የልጆች ሐኪም እንዲያያት እንደምትልካት ዶክተሯ ነገረቻቸው። ነርሷ የመጀመሪያውን ኩባያ ደፋችው፣ በአዲስ ኩባያ አሳንሳ ቀዳች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ያን ያህል አልነበረም። ለሲባጎ ግን እስከ ዛሬ ዓይኗ ላይ ነው።

ድምቡሼ ጠጣች። እናቷ የልጇን ራቁት ክንዶች አቅፋ፣ ምንም ሳትደርብባት፣ የሕክምናው ወንበር ላይ አብራት ተቀመጠች። ልጅቷ ቀስ በቀስ ከበደች። ጣቷ ላይ ትንፋሿን የሚከታተል መቆንጠጫ ተደረገላት፣ ዶክተሯ መብራቱን ገና አላበራችም። ዓይኗ ሲንከራተት፣ ምላሷ ሲተሳሰር፣ ድምቡሼ ያልተያዘ እጇን አንሥታ የእናቷን ጉንጭ ዳበሰች፤ ቀጥሎ ከዓይኗ በታች፣ እርጥበት እንዳለ ለማየት።

«ደረቅ ነው» አለች።

«ደረቅ ነው» አለች ሲባጎ፣ የልጅቷ እጅ እስኪወርድ ድረስ እየደጋገመች።